ለለተብርሃን እናት የቀባነው ክፍል

ባለፈው ሳምንት የሕንፃችንን ደረጃ ቀለም ቀቡት። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ተበላሽቶ ስለነበር እየተራገምኩ በእግሬ ስወጣ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ የእርጥብ ቀለም ሽታ ሰነፈጠኝና ከነዘንቢሌ ቆምኩ። ልጄ ከኋላዬ ነበረች። «ማሚ፣ አር ዩ ኦኬ? ደከመሽ እንዴ?» አለችኝ። አልደከመኝም አልኳት። «ታዲያ ለምንድን ነው የምታለቅሺው?» ቀለሙ ዓይኔን አቃጥሎኝ ነው ብዬ ሸነገልኳት። ምን ብዬ ልንገራት? አንቺ ሳትወለጂ፣ እዚሁ ስቶክዌል ውስጥ፣ ዛሬ በሌለ ቤት፣ መሞታቸውን እያወቅን ለአንዲት እናት ክፍል ቀብተን ነበር ብላት መቼ ይገባታል? ቤት ገብቼ መስኮቱን ከፈትኩ፤ ሽታው ግን ተከትሎኝ ገባ። እኔም ተውኩት፤ ይግባ አልኩ።

ያኔ ይህች እንግሊዝ አገር ያለች ሠፈራችን፣ ስቶክዌል፣ እንዲህ አልነበረችም። ዛሬ ባለ መስታወት ፎቅ በቆመበት፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ አንዲት ጠባብ መንገድ ነበረች። ግራና ቀኟ ጡባቸው በጥላሸት የጠቆረ፣ ትከሻ ለትከሻ የተደጋገፉ ቤቶች ነበሩ። የሠፈሩ አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ ሊያፈርሳቸው ወስኖ፣ የማፍረሻው ጊዜ እስኪደርስ ለአንድ የቤት ማኅበር አስረከባቸው፤ ማኅበሩ ደግሞ ለእኛ ቢጤው ስደተኛና ተማሪ አከራየን። ስምምነቱ አጭር ነበር፤ የተሰበረውን ራሳችሁ ጠግኑ፣ ውጡ ስትባሉ ውጡ። ስለዚህም ኪራዩ የሚያስቅ ነበር፤ የሳምንቱ ኪራይ ልጄ ዛሬ ጣቢያው በር ላይ ለሁለት ማኪያቶ ከምትከፍለው ብዙም አይበልጥ። ጣሪያው ያፈሳል፣ መጸዳጃ ቤቱ ጓሮ ነው፣ ጋዙ ሳንቲም ካልጎረሰ አይነድም። ክረምት ሲሆን የላምባ ማሞቂያውን ከብበን ፊታችን እየተጠበሰ ጀርባችን ይበርዳል። ቢሆንም በር የሚዘጋ፣ ቁልፉም በእጃችን ያለ ቤት ነበር፤ ያን ጊዜ ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

መንገዷ ራሷ ትናፍቀኛለች፤ ማፈር የለብኝም፣ ትናፍቀኛለች። ጥግ ላይ ፖርቱጋሎቹ ትንሽ ዳቦ ቤት ከፍተው ጠዋት ጠዋት ሽታው ሆዳችንን ይበላው ነበር። ቅዳሜ በእግር ብሪክስተን ገበያ ወርደን ቃሪያና ምስር እንገዛለን፤ ጤፍ የሚባል ነገር ስለሌለ ለኬክ የሚሆነውን ዱቄት በጥብጠን መጥበሻ ላይ እናፈሰውና «እንጀራ ነው» እንባባላለን። ወንዶቹ ከታች የሚሰፋ ሱሪና ከፍ ያለ ጫማ አድርገው መንገዱን ሲጠርጉ ይውላሉ፤ እኛ ጸጉራችንን አፍሮ አድርገን አውቶቡስ ውስጥ ከኋላችን የተቀመጠውን ሰው እንጋርደዋለን። እኔ ከቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ከአሮጌ ልብስ ክምር ውስጥ የመረጥኩት የወንድ ካፖርት ነበረኝ፤ ኪሱ ጥልቅ፣ ትከሻው የሌላ ሰው። ካሴት ደግሞ ከአገር በመጣ ቁጥር ከቤት ቤት እየዞረ ይገለበጣል፤ የመጨረሻው ሰው ጋ ሲደርስ ዘፋኙ ከጉድጓድ ውስጥ የሚዘፍን ይመስላል። እኛ ግን እሱኑ ሰምተን እናለቅስ ነበር።

በቤቱ ውስጥ ሦስት ነበርን። መካከለኛው ፎቅ ላይ ጋሽ ታደሰ ነበሩ፤ መሥሪያ ቤታቸው ለአጭር ሥልጠና ልኳቸው፣ እዚህ እንዳሉ አገር ቤት ነገሩ ሁሉ ሲገለባበጥ የቀሩ ትልቅ ሰው። ቆሻሻ ሊያወጡ እንኳ ክራቫት ያስራሉ። አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ጥበቃ ሆነው ይሠሩ ነበር፤ እኛ ግን ሚኒስትር እንደሆኑ ነበር የምንፈራቸው። ላይኛው ፎቅ ላይ እኔና ለተብርሃን አንድ ክፍል እንጋራለን። እኔ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ የጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ፤ ለተ ፓርክ ሮያል ከሚገኝ ምግብ ፋብሪካ ገብታ ቀኑን ሙሉ ሳንድዊች ስትጠቀልል ትውላለች። ማታ ስትመጣ የሽንኩርት ሽታዋ ከእሷ ቀድሞ ደረጃውን ይወጣል። «አንቺ፣ ሽንኩርት መጣ!» እላታለሁ። «ዝም በይ፣ የሽንት ቤት ወይዘሮ!» ትለኛለች። የአስመራ ልጅ ናት፤ ካቶሊክ ናት፤ አማርኛን የተማረችው ትምህርት ቤት ነውና አማርኛዋ ከእኔ ይልቅ የመጽሐፍ ነው፤ ስትናደድ ብቻ ትግርኛዋ ይቀድማታል። አገር ቤት የእሷ ሰዎችና የእኔ ሰዎች ይዋጉ ነበር። እኛ እዚህ በብርድ ምክንያት ሁለቱን ብርድ ልብሶቻችንን ደርበን አንድ አልጋ ላይ እንተኛለን። ስለዚያ ጉዳይ እንዳናወራ ማንም አልከለከለንም፤ ብቻ አላወራንም።

ለተ በዚህ ዓለም ላይ የቀረቻት እናቷ ብቻ ነበረች። አባቷ በልጅነቷ ሞተዋል፤ ወንድሞቿ ከቤት እንደወጡ የት እንደገቡ አይታወቅም። እናቷን «አደይ» ትላቸዋለች፤ እኛም ስሙን ከእሷ አፍ ስንሰማ ስንሰማ፣ አይተናቸው የማናውቃቸውን ሴት አደይ ማለት ጀመርን። አደይ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ አደይ ጨው አይወዱም፤ አደይ ቀና ብለው ነው የሚሄዱት። ለተ እናቷን ወደ እዚህ ለማምጣት አፕላይ አድርጋ፣ ተከልክላ፣ እንደገና አፕላይ አድርጋ፣ ከስንት ክረምት ልመና በኋላ የእዚህ መግቢያም የአገር ቤት መውጫም ተፈቀደ። ያን ዕለት ደረጃው ላይ ያሰማችውን እልልታ እኔ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ጋሽ ታደሰ በሸሚዝ ብቻ ወጥተው «ምን ተገኘ?» ሲሉ አቅፋ ሳመቻቸው፤ እሳቸውም ደንግጠው «ተይ እንጂ» እያሉ ሲስቁ ትዝ ይለኛል።

እንግዲህ አደይ በዚያ ጉልበታቸው ላይኛው ፎቅ ድረስ ሊወጡ አይችሉም። ምድር ቤት ያለችው ክፍል ደግሞ ባዶ ነበረች፤ ግድግዳዋ ሻጋታ ስለበላው ማንም አልፈለጋትም። ለተ የቤት ማኅበሩ ቢሮ ሄዳ ለመነች። «ካስተካከልሻት ያንቺ ናት» አሏት። ከዚያ በኋላ ያቺ ልጅ እንቅልፍ አጣች። ከሥራ መጥታ እጇን እንኳ ሳትታጠብ ሻጋታውን መፋቅ ነው፤ የወለሉን ጣውላ በብሩሽ መፈግፈግ ነው። አልጋ ከገበያ ገዝታ፣ እኔና እሷ አንዳንድ ጫፍ ይዘን፣ ሰው እየሳቀብን ከብሪክስተን ድረስ በእግራችን ተሸክመን አመጣነው። መጋረጃውን ጎረቤታችን ሚስ ፐርል ሊሰፉላት ጨርቁን ወሰዱ። ሚስ ፐርል የጃማይካ ሴት ናቸው፤ ሰው በመርከብ በሚመጣበት ዘመን መጥተው፣ ሆስፒታል ልብስ ሲያጥቡ ኖረው ጡረታ የወጡ። ዓመት በዓል ሲሆን ወጣችንን በአጥር ላይ እናቀብላቸዋለን፤ እሳቸው ደግሞ ሬዲዮናቸው ላይ መዝሙር ከፍተው እኛን በግድ ያስዘምሩናል። የቀረው ቀለሙ ብቻ ነበር። ለተ ቢጫ ካልሆነ አለች። «አደይ ፀሐይ የለመደች ናት። እዚህ መጥታ ግራጫ ሰማይ ስታይ ግራጫ ግድግዳም አላሳያትም።»

ረቡዕ እኔ እረፍት ነበርኩ። ኮሪደሩ ላይ ያለው የጋራ ስልክ ጮኸ፤ አነሣሁት። ሮም የምትኖር የለተ የአክስት ልጅ ነበረች። «ለተ አለች?» አለችኝ። ሥራ ናት አልኳት። «ተመስገን» አለች። ሰው የፈለገውን ሰው ሲያጣ ተመስገን የሚለው ለምን እንደሆነ እኛ እናውቃለን። «ምነው? ምን ሆናችሁ?» አልኳት። አደይ አርፈዋል አለችኝ። ሌሊት ታመው፣ ሐኪም ሳይደርስ አርፈው፣ ዛሬ ከሰዓት ይቀበራሉ። ሻንጣቸውን ሸክፈው ነበር አለችኝና ድምጿ ተቋረጠ። ከዚያ፣ «በስልክ እንዳትሰማ። ብቻዋን እንዳትሰማ። እናንተ አላችሁላት አይደል? እንደ ወጉ አርዷት» አለችኝ። እሺ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? ስልኩን ሰቅዬ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፤ እዚያው እንደተቀመጥኩ በሩ ተከፈተ። ለተ ነበረች። በሁለት እጇ ሁለት ቆርቆሮ ቀለም አንጠልጥላ «ውድነሽ! አገኘሁት! እንቁላል የመሰለ ቢጫ!» አለች። እኔም ተነሥቼ «እስቲ አሳይኝ» አልኩ። እንዴት እንዳልኩት እግዜር ይወቅ።

ጋሽ ታደሰ እንደነገርኳቸው ክራቫታቸውን ፈቱ፤ ከዚያ እንደገና አሰሩት። መርዶ እንዴት እንደሚነገር እኛ አንማርም፤ ስናየው ነው ያደግነው። ጎህ ሲቀድ ነው፤ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሰውየው ከአልጋው ሳይነሣ፣ ትልቅ ሰው ቀድሞ ይናገራል። ሲወድቅ የሚይዘው እጅ ይኖራል፤ አብሮት የሚጮህ አፍ ይኖራል። ማታ አይነገርም፤ ሌሊቱን ማን ይገፋላታል? «እሁድ» አሉ ጋሽ ታደሰ። «ነገ አይሆንም እንዴ?» አልኳቸው። «በሥራ ቀን ማን ይመጣል? ሁለት ሰው ይዤ እናትን የሚያህል ነገር አላረዳም። እኅት የላት፣ ወንድም የላት፤ ቢያንስ ቤት ሙሉ ሰው ይኑራት።» ልክ ናቸው። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ይህንኑ ነበር የምለው። «ቀለሙስ ጋሽ ታደሰ?» አልኳቸው። «ቀቡ» አሉ። «እጃችሁን ከሰበሰባችሁ ታውቃለች። እኔም እቀባለሁ።»

ቀባን። ሐሙስ ማታ እኔ፣ ለተና ጋሽ ታደሰ ጋዜጣ ወለሉ ላይ ዘርግተን ቀባን። ጋሽ ታደሰ ከዚያ በፊት ብሩሽ ይዘው አያውቁም፤ ክራቫታቸውን ወደ ኋላ ገልብጠው፣ ሊፈርም እንደተቀመጠ ሰው በጥንቃቄ፣ የመስኮቱን ጠርዝ ይቀባሉ። ለተ ታወራለች፤ አደይ መጀመሪያ የምታያት ቦታ የትኛዋ እንደሆነች፣ ቸርች ስንት ሰዓት እንደምትወስዳት፣ በባቡር ጣቢያው ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ እንዴት እንደምታወጣት። «ትፈራለች እኮ ጋሽ ታደሰ! እግሯን አታነሣም!» ትላለች። «እኔ እይዛቸዋለሁ» ይላሉ ጋሽ ታደሰ ከግድግዳው ሳይዞሩ። እኔ በየመሀሉ ውኃ ላምጣ እያልኩ ጓሮ እወጣና ሽንት ቤቱን ዘግቼ አፌን በካፖርቴ እጅጌ አፍኜ አለቅሳለሁ። ተመልሼ ስገባ «ምነው ዓይንሽ?» ስትለኝ ቀለሙ ነው እላለሁ። አይ ያ ቀለም፤ የስንቱን ኃጢአት ተሸከመ።

አርብ ደግሞ የወንበር ጉዳይ መጣ። ለቅሶ ቤት ወንበር ያስፈልጋል፤ እኛ ያሉን ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሰባራ። ሚስ ፐርል ግን የጸሎት ጓደኞቻቸው የሚቀመጡባቸው ብዙ ተጣጣፊ ወንበሮች ነበሯቸው። ጋሽ ታደሰ ክራቫታቸውን አሳምረው በሩን አንኳኩ፤ እኔም ተከተልኩ። ነገሩን ሲነግሯቸው ሚስ ፐርል የለተን መጋረጃ ከመስፊያው ማሽን ሥር ይዘው ነበር። እጃቸው ቆመ። «ይህን ለማን ነው የምሰፋው እንግዲህ?» አሉ። «እናንተ ረቡዕ ሰማችሁ። ትናንት ማታ በግድግዳው ሳቃችሁን ስሰማ ነበር። ያቺ ልጅ ለሞተች እናቷ ግድግዳ እየቀባች እናንተ ብሩሽ ታቀብሏታላችሁ? ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ?» ጋሽ ታደሰ በዚያ የተጣራ እንግሊዝኛቸው ሊያስረዷቸው ሞከሩ፤ ብቻዋን እንድትሰማው አንፈልግም፣ ሰው እስኪሰበሰብ ነው፣ ወጋችን ነው አሏቸው። ሚስ ፐርል መነጽራቸውን አወለቁ። «አሁንስ ብቻዋን አይደለችም? ሁላችሁ የምታውቁትን እሷ ብቻ አታውቅም። ከዚህ የባሰ ብቸኝነት አለ?» አሉን። ወንበሮቹን እንድንወስድ በጣታቸው አሳዩንና ፊታቸውን ወደ ማሽኑ መለሱ። ወንበሮቹን ግን ያን ዕለት አልወሰድንም፤ ለተ ታያለች ብለን እሁድ ጠዋት ይሁን አልን። ደረጃችን ላይ ስንደርስ ጋሽ ታደሰ «ትክክል ይሆኑ ይሆን እንዴ?» አሉኝ። እንጃ ጋሽ ታደሰ፣ አልኳቸው።

ቅዳሜ ሁሉ ነገር አለቀ። ክፍሏ አበራች፤ ዝናብ እየዘነበ እንኳ ከውጭ የሚያያት ፀሐይ የገባባት ይመስለዋል። ሚስ ፐርል መጋረጃውን ራሳቸው ይዘው መጡ፤ ጫፉ ላይ ሳይጠየቁ ነጭ ጥልፍ ጨምረውበት ነበር። ዓይናቸውን ከእኔ ዓይን አሸሹ። ለተ ጉንጫቸውን ሳመችና ሁለቱ አብረው ሰቀሉት። ያን ቀን ለተ ብዙም አላወራችም፤ ደክሟታል አልኩ። አልጋውን አነጠፈች፤ ትራሱን መታ መታ አድርጋ አስተካከለች። ከዚያ ነጠላ መስቀያ ምስማር አቀበለችኝ። ግድግዳው ላይ ስይዘው «ዝቅ አድርጊው» አለችኝ። ዝቅ አደረግኩት። «አሁንም ዝቅ። አጭር ናት፣ አትደርስበትም።» መዶሻውን አንሥቼ መታሁ። ጣቴን ነበር የመታሁት። ጣቴን አመመኝ ብዬ እንደ ልጅ ስንሰቀሰቅ እሷ ጣቴን ይዛ እፍ እፍ አለችልኝ፤ ጋሽ ታደሰ ከክፍሉ ወጡ።

እሁድ ገና ሳይነጋ ሰው መንገዳችን ጥግ ላይ፣ ከተዘጋው ዳቦ ቤት ፊት መሰብሰብ ጀመረ። ጋሽ ታደሰ ለሁሉም ደውለው ነበር። አውቶቡስ ስላልጀመረ ከሩቅ በእግሩ የመጣ አለ፤ ከሌሊት ሺፍት በቀጥታ የመጣ አለ። የእሷም ሰዎች የእኔም ሰዎች መጡ፤ በሌላ ቀን አንድ ክፍል ውስጥ የማይቀመጡ ሰዎች ካፖርታቸው ላይ ነጠላ አጣፍተው ጎን ለጎን ቆሙ። ወተት አዳዩ በዚያች በባትሪ በምትሄድ ጋሪው ሲያልፍ አየንና ቆቡን አነሣልን። እኔ ግን ልቤ ተሰቅሏል። ስነሣ ለተ አጠገቤ አልነበረችም። ኦቨርታይም ጠርተዋት ፓርክ ሮያል ሄዳ ይሆናል ብዬ ለጋሽ ታደሰ ስነግራቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። «እዚያ ማሽን ላይ ቆማ ማንም አፉ ያመለጠው ቢነግራትስ?» አሉ። ያን ሁሉ ሰው ይዘን፣ እግራችንን እየጎተትን፣ በሩን ከፍተን ገባን።

የምድር ቤቷ ክፍል መብራቷ በርቷል። በሩ ገርበብ ብሏል። ጋሽ ታደሰ በጣታቸው ገፉት። ክፍሉ ውስጥ የሚስ ፐርል ወንበሮች በሙሉ ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል። አልጋው ጫፍ ላይ ለተ ጥቁር ለብሳ፣ ጸጉሯን ፈትታ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አጠገቧ ሚስ ፐርል የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣቸውን አድርገው ተቀምጠዋል። ሁላችንም በሩ ላይ ደርቀን ቀረን። «ግቡ» አለች ለተ። «ብርድ ነው፣ ግቡ።» ገባን፤ አንድ በአንድ ተቀመጥን። ሚስ ፐርል እኔን አዩኝ። «አርብ ማታ ነገርኳት» አሉኝ፤ አልተሟገቱም፣ ይቅርታም አልጠየቁም። ከዚያ ለተን በዓይናቸው አሳዩኝ። «አንድ ጠብታ እንባ አላወጣችም። እሺ አለችኝ፣ አመሰገነችኝ፣ ሄደች። እስካሁን ድረስ አንድ ጠብታ የለም። ፈራሁ።»

ለተ ሚስ ፐርልን እጃቸውን ያዘቻቸው፤ የምታየው ግን ጋሽ ታደሰን ነው። «ንገሩኝ» አለቻቸው። ጋሽ ታደሰ ተነሡ። ከረቡዕ ጀምሮ የሚሉትን ሲለማመዱ ከክፍላቸው እሰማቸው ነበር፤ ጀምረው፣ አቋርጠው፣ እንደገና ሲጀምሩ። አሁን ክራቫታቸውን ነካ አድርገው «ልጄ» አሉ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም። አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል። «ንገሩኝ እንጂ ጋሽ ታደሰ! ለምን መጣችሁ?» ጮኸች። ያን ድምፅ አልቻልኩትም። ከወንበሬ ተነሥቼ ፊት ለፊቷ ተንበረከክሁ። «ለተ» አልኳት፤ «ለተይ፣ አደይ አርፈዋል። እናታችን አርፈዋል።» አንድ አፍታ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ከሆዷ የወጣው ጩኸት የመንገዱን መስኮት ሁሉ አስከፈተ። «ወይ አደይ! ወይ አደየ!» እያለች ስትወድቅ እኔ፣ ጋሽ ታደሰና ሚስ ፐርል ያዝናት፤ ቤቱ አንድ ሆኖ አለቀሰ። ሚስ ፐርል ከእኛ ሁሉ በላይ አለቀሱ፤ ባርኔጣቸው ወድቆ ማንም አላነሣውም።

ቤቱ ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት ቆየ። አንድ ቀን ውጡ ተባልን፣ ወጣን፤ እኔ ይህን ፎቅ አገኘሁ፣ ለተ ወደ ሌላ ሠፈር ሄደች፣ ጋሽ ታደሰ እዚሁ አርፈው እዚሁ ቀበርናቸው። የሚስ ፐርል ጥያቄ ግን በእነዚያ የለቅሶ ቀናት አላስተኛኝም ነበር። አርብ ማታ አውቃ፣ ቅዳሜ ያን መጋረጃ ስትሰቅል፣ ያን ምስማር ዝቅ አድርጊው ስትለኝ፣ ውስጧ ምን እየሆነ ነበር? ጨክነንባት ነበር? ሰልስቱ ወጥቶ፣ ሰው ሁሉ ሄዶ፣ እኔና እሷ ብቻ ወንበሮቹን ስናጥፍ ጠየቅኋት። «አውቀሽ ለምን ዝም አልሽን?»

ያጠፈችውን ወንበር ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። «ሚስ ፐርል ደግ አደረጉ፤ ለምን ነገሩኝ አልልም» አለችኝ። «ነግረውኝ ወደ ቤት ስመለስ ልጮህ ነበር። በሩን ስከፍት ጋሽ ታደሰ እዚህ ተንበርክከው ወለሉ ላይ የተንጠባጠበውን ቀለም በጥፍራቸው ይፍቃሉ። አደይን እንዳያዳልጣት ነው አሉኝ። አንቺ ደግሞ መስኮቱ በኩል ብርድ ይገባባቸዋል ብለሽ ስንጥቁን በጋዜጣ ትወትፊያለሽ።» ወንበሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። «አስመራ ያሉት ረቡዕ ዕለት ቀብረዋታል፣ ውድነሽ። እናንተ ናችሁ እስከ እሁድ ያኖራችሁልኝ።»